በሐዘን ቤት ቀለም የቀቡት የወይዘሮ ፊብሮንያ ሻኩር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፊብሮንያ ሻኩር ከአባታቸው ከአቶ ሻኩር ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማቲልዳ ጂርጊስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 9 ቀን 1950 ዓ.ም. በግብፅ፣ በደመንሁር ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ይሉ እንደነበረው፣ ሊወለዱ ከታሰበበት ቀን አንድ ወር ቀድመው ነው የመጡት። ከዚያ በኋላም የትም ቦታ በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ቀድመው ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1968 በንግድ ሥራ ዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ወደ እስክንድርያ መጥተው በስልክ ማዞሪያ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2000 ድረስም ሠላሳ ሁለት ዓመት አገለገሉ። መስመር እስኪገናኝ በእርሳስ ጠረጴዛውን ስለሚደበድቡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ከጎናቸው ላለመቀመጥ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር።

በ1973 የትራም ትኬት ተቆጣጣሪ የነበሩትን አቶ ነሲም ቡቅጡርን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው በእስክንድርያ ባኮስ ሰፈር በሚገኝ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመሩ። ሴት ልጃቸው ኔቪን በ1975፣ ወንድ ልጃቸው አይመን በ1978 ተወለዱ። የአቶ ነሲም ታናሽ እህት ወይዘሮ ኢስቲር ቡቅጡርም ከባለቤታቸው ከአቶ ራውፍ ጋር በዚያው ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በደረጃው ላይ ድስት እየተለዋወጡ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረዋል።

የቤቱ ወጥ ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተገጠመ አሥራ ሰባት በር ያለው የእንጨት ቁም ሳጥን ነበረው። የባሕሩ እርጥበት ቀለሙን በየጊዜው ያሳብጠዋል፣ ይልጠዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ነቅሎ አሉሚኒየም ያስገጥም ነበር፤ ወይዘሮ ፊብሮንያ ግን በየሦስት ዓመቱ በሮቹን ራሳቸው ፈትተው፣ በጀርባቸው ቁጥር ጽፈው፣ ፍቀው፣ ስቱኮ ሞልተው እንደገና ይቀቡታል። ክሬም ነበር፤ ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤ ሰማያዊ ሆነ፤ ለአንድ ክረምት ብቻ ደግሞ ማንም ያልወደደው ብርቱካንማ ሆነ። በሮቹ የሚደርቁት በእንግዳ መቀበያው ወርቃማ ወንበሮች ላይ ስለነበር በዚያ ሳምንት የመጣ እንግዳ አልጋ ላይ ይቀመጣል። አቶ ነሲም ከሥራ ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «ፊብሮንያ፣ ዛሬ የት ነው መቀመጥ የተፈቀደልኝ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ኅዳር 10 ቀን 2009 አቶ ነሲም ከቀትር በኋላ እንደተኙ በልብ ድካም በድንገት ዐረፉ። በዚያን ቀን አሥራ ሰባቱም በሮች ተፈትተው ነበር፤ ዘጠኙ ተቀብተዋል፣ ስምንቱ ገና ተፍቀው ነበር። ለቀስተኛው በበሮቹ መካከል እየተሽሎከሎከ ገባ። በሦስተኛው ቀን ቄሱ መጥተው የቤቱን ጸሎት አደረሱ፣ ጠበልም ረጩ። በሐዘን ቤት ዓመት ሳይሞላ ቀለም እንደማይቀባ የማያውቅ በሕንፃው ውስጥ አልነበረም። ወይዘሮ ፊብሮንያም ያውቁ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ የቀሩትን ስምንት በሮች ቀቡ።

ወይዘሮ ኢስቲር የምስር ሾርባ ይዘው ሲወርዱ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበላቸው። ድስቱን መሬት አስቀምጠው፣ «የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ የአንቺ ቀለም ደረቀ!» አሉ።

ወይዘሮ ፊብሮንያ ቡርሹን ሳያስቀምጡ፣ «ኢስቲር፣ ስምንት በር ብቻ እኮ ነው የቀረው» ብለው መለሱ። ይህ መልስ ነገሩን እንዳባባሰው ኋላ ራሳቸውም አልካዱም። ዝም ብለው መቀመጥ ስለማይችሉ እንጂ ባላቸውን ስላልወደዱ እንዳልቀቡ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። ወይዘሮ ኢስቲር ግን ሾርባውን ይዘው ወደ ላይ ተመለሱ፤ ከዚያም አሥራ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም።

ወይዘሮ ፊብሮንያን የጎዳቸው ከሁሉ በላይ ይህ ነበር፤ ከተጣሉት ጋር ሳይታረቁ መቁረብ አይቻልምና በዚያ ሁሉ ዓመት አልቆረቡም። የንስሐ አባታቸው አባ ዊሳ፣ «ይቅርታ በያትና ነገ ነይ» ሲሏቸው፣ «አባቴ፣ ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ ከዋሸሁ፣ የውሸቱን ንስሐ መቼ ልገባ ነው?» ብለው ይመልሱ ነበር። በቅዳሴ ላይ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላም ሲባባል በአንድ መደዳ የሚቆሙት ሁለቱ ሴቶች አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ይዞሩ ነበር። ከዚያ ሌላው ሊቆርብ ሲሰለፍ ወይዘሮ ፊብሮንያ ቦርሳቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይወጣሉ።

ጥቅምት 17 ቀን 2022 አቶ ራውፍ ዐረፉ። በታኅሣሥ የመጣው ማዕበልና ዝናብ ደግሞ ጣሪያውን ሰርስሮ የወይዘሮ ኢስቲርን የወጥ ቤት ቁም ሳጥን አበላሸው፤ ቀለሙ ተላጠ፣ በሮቹም አብጠው አልዘጋ አሉ። ወይዘሮ ፊብሮንያ ይህን ከኔቪን እንደሰሙ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወደ ላይ ወጡ። የተከፈተውን በር አልፈው ገብተው እንጨቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

ወይዘሮ ኢስቲር፣ «ሐዘን ላይ ነኝ። ቤቴ ቀለም አይገባም» አሉ።

«ቀለም ማን አመጣ? ብርጭቆ ወረቀት ነው።»

ወይዘሮ ፊብሮንያ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ እየወጡ ፋቁ። የሚነጋገሩት ስለ እንጨቱ ብቻ ነበር። ፍቀው ሲጨርሱ የምስማር ቀዳዳ ሁሉ ሞሉ፤ ሞልተው ሲጨርሱ እንደገና ፋቁ። ዓመቱ እስኪሞላ ገና ብዙ ወራት ነበሩና፣ ሳይፍቁ ቁጭ ማለት ስለማይሆንላቸው የሁለት በሮችን ገጽ ውስጡ እስኪታይ ድረስ ፋቁት። ወይዘሮ ኢስቲር፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በሬን ጨረስሽው እኮ! በበሩ ውስጥ ማዶውን ልታሳይኝ ነው?» ብለው ጮኹ። አባ ዊሳ በፋሲካ ሰሞን ታርቃችኋል ወይ ብለው ሲጠይቁ ወይዘሮ ፊብሮንያ፣ «ገና ብርጭቆ ወረቀት ላይ ነን» አሉ። ሳይቆርቡም ወጡ።

በሐምሌ 2023 ሆዳቸውን አመማቸው። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ የጣፊያ ካንሰር መሆኑንና ጊዜው አጭር መሆኑን ለልጆቻቸው ነገራቸው፤ እርሳቸው ግን ከልጆቻቸው ቀድመው ጠይቀውት ኖሯል። በነሐሴ አጋማሽ ደረጃ መውጣት ተሳናቸው።

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ ኢስቲር በሚያማቸው ጉልበት አራት ፎቅ ወርደው ከአልጋው አጠገብ ቆሙ። «ነገ አይመን ቀለም ይገዛል። አንቺ ከአልጋሽ ሆነሽ እንዲህ አድርግ እያልሽ ታዝዢዋለሽ» አሉ።

«ዓመቱ አልሞላም» አሉ ወይዘሮ ፊብሮንያ።

«ራውፍ የኔ ባል ነው፤ እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ሁለት ወር ቀርቶታል። እኔ በአንቺ ሐዘን ላይ አልቀባም።»

«ዛሬ ነው ትዕግሥት የተማርሽው?» አሉ ወይዘሮ ኢስቲር። ከዚያም የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ያን ጊዜ ሾርባውን አስቀምጬ፣ አብሬሽ መቀመጥ ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ። ይኸው፣ አልኩት።»

ወይዘሮ ፊብሮንያም፣ «እኔም ያ ስምንት በር ቢቆይ አልሞትም ነበር። ይቅር በይኝ» አሉ።

ወይዘሮ ኢስቲር ከዚያው ሆነው ለአባ ዊሳ ደወሉ። በማግሥቱ እሑድ አባ ዊሳ ከቅዳሴ በኋላ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው መጡ፤ ወይዘሮ ፊብሮንያ ከአሥራ አራት ዓመት ገደማ በኋላ ቆረቡ። ቄሱ እስኪመጡም ከንጋት ጀምሮ፣ «የት ደረሱ? ደውሉላቸው እንጂ!» ሲሉ ነበር።

ወይዘሮ ፊብሮንያ ሻኩር ነሐሴ 30 ቀን 2023 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጃቸው ኔቪን፣ ልጃቸው አይመን፣ አራት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት በሕይወት አሉ። እኚህ እህት ወይዘሮ ኢስቲር ቡቅጡር ናቸው፤ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አስነብበው «የባላቸው እህት» የሚለውን በራሳቸው እጅ ሰርዘዋል።

ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በቅዱሳን ማረፊያ ይቀበል። ዕረፍት በዚህ ዓለም አልለመዱምና፣ ቀስ እያለ ያለማምዳቸው።