ጥርሱ ያለቀ ጎማ

እህቴ ዓለሜ፣ እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እዚህ ልጄ ያለችበት አገር አስፋልቱ በረዶ ሆኗል። ትናንት ጠዋት አማቼ ዝግ ብሎ ሲነዳ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ «ምነው ልጄ፣ አስከሬን እየሸኘን ነው እንዴ?» አልኩት። «እማማ፣ በረዶ ላይ ፍሬን አይታመንም» አለኝ። ወዲያው አንድ መኪና እየከነፈ ቀደመን፤ ኩርባው ላይ ስንደርስ ተገልብጦ አገኘነው። ሾፌሩ መሬት ቁጭ ብሎ የሞተች ሚስቱን «ተነሽ እንጂ፣ ይበርድሻል» ይላታል። የመኪናው ጎማ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ነበር። የባለቤትሽ ታክሲ ጎማም እንደዚያው ነው። እኛ ጋ በረዶ ባይኖር ዝናቡ መች ይምራል? ሳያስቀይር እንዳታስወጪው፤ ቢያኮርፍ በእኔ አሳብቢ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እሱም ደህና ይቆየኝ እንጂ ስመለስ እንዳሻው ይቆጣኝ።

ጎረቤትሽ