ከመስከረም ጀምሮ «በቅርቡ» ስለሚታየው ፊልም፣ ለሲኒማ ንጋት ሥራ አስኪያጅ

አዲስ ከተማ፣ መርካቶ
መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ውቤ፣ የሲኒማ ንጋት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በጤና፣ በተለይም እግርዎን በደኅና ያግኝልኝ። እግርዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤቴ ዘኪያ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ ወገቧ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏታል። ባለቤቷ ልብስ ሰፊው ጋሼ ጠይብ፣ ተመስገን፣ ሳሉ ለቆታል። ትልቋ ልጃቸው ራህማ ግን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፣ በጥቅምት ከጨርቅ መጋዘን ደረጃ ላይ ወድቃ ጭኗ ከተሰበረ ወዲህ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጄሶ ታስሮ ተኝታለች። አጥንቱ ጠሞ ገጠመ ተብሎ አንዴ ተፈትቶ ደግሞ ታስሯል። ወሩ ሲያልቅ አባቷ ባቲ ላለ ወጌሻ ሊያሳያት ይወስዳታል፤ መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ ለእኔ ለምን ትነግረኛለች እንዳይሉ፣ ነገሩ ከእርስዎ ደጅ ስለሚደርስ ቅሬታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። በመስከረም፣ ራህማ ገና በሁለት እግሯ ስትሮጥ፣ በበርዎ በኩል ስናልፍ እጄን ጎትታ አቆመችኝ። ግማሽ ክንዷ ላባ የሆነ ልጅ ከቤተ መንግሥት መስኮት ብቅ ብላ የተሣለችበት ማስታወቂያ ነበር። «የእንጀራ እናቷ ወፍ ያደረገቻት ልጅ፤ ሥዕሉ እንደ ሰው የሚሄድበትና የሚናገርበት ድንቅ ተረት፤ በቅርቡ ይታያል» የሚለውን አነበብኩላት። እኔ የተማርኩት ፊደልን ከቄስ፣ ቀሪውን ከማታ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና፣ «በቅርቡ» ማለት ስድስት ወር ከምናምን መሆኑን ገና አልደረስንበትም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ልጅቱ ከተኛች ወዲህ እኛ ቅመም ነጋዴዎቹ ኮረሪማ የምንፈለፍለው እሷ አልጋ ዙሪያ ነው። ያቺ የእንጀራ እናቷ ወፍ ያደረገቻት ልጅ እንዴት ትድናለች እያልን ያላወራነው የለም። ከመካከላችን ወሰንየለሽ የንጉሥ ልጅ መጥቶ ያስለቅቃታል ትላለች። ራህማ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፣ ላባዋ ሲሞላ በመስኮቱ ትበራለች ብላ ድርቅ አለች። ክርክሩን የእርስዎ ፊልም ይፍታው ተባብለን ይኸው ስንጠብቅ ባጀን።

ሁለተኛ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ማስታወቂያው ላይ «ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ለግቢያችን የማነበው እኔ ነኝ፤ የመድኃኒት ወረቀትም ቢሆን የፍርድ ቤት መጥሪያም ቢሆን በእኔ ዓይን ሳያልፍ አይቀርም፣ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ሮጬ ዛሬ ነው አልኩ። ዘኪያ ያንን ወገቧን ይዛ ልጇን አጠበቻት። ወሰንየለሽ ሹሩባ ሠራቻት። ጋሼ ጠይብ የደንበኛ ሥራ አስቀምጦ ጄሶውን የሚሸፍን ሰፊ ቀሚስ ሰፋላት። አቡጀዲ ሲሸከም የሚውለው ኩሊው ቶላ ወንበር ላይ ጆንያ አንጥፎ አስቀመጣትና ከነወንበሩ ጀርባው ላይ በገመድ አሰራት። ሱቃችንን ዘግተን ወጣን። በወረቀትዎ ላይ «የጥሪ ካርድ ላላቸው ብቻ» የሚል አልነበረም፤ ቢኖር አነበው ነበር። አሁን በሠፈሩ ስለ እኔ፣ ሸዋርካብሽ እውነት ማንበብ ትችላለች ወይ የሚባለው በእርስዎ ቸርነት ነው።

ሦስተኛ። ይህችን ለመጻፍ ብዕሩን ሁለቴ አስቀምጬ አንስቻለሁ። በርዎ ላይ ስንደርስ ባለመኪኖቹ ነጭ ካልሲ ያደረጉ ልጆቻቸውን እየያዙ ይገባሉ። እኛን ዘበኛው ቦጋለ የጥሪ ካርድ የላችሁም ብሎ እጁን ዘርግቶ አቆመን። ያኔ እርስዎ ብቅ አሉ። ቶላን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ግን አላዩም። «ዕቃ በጓሮ በኩል ነው የሚገባው» ብለው ተመለሱ።

እኛ ደግሞ የመርካቶ ሰዎች ነን። ሸክም በጓሮ ሲገባ ስናይ ኖረናል፤ ለታመመች ልጅ የታዘነላት መስሎን እጅ ነስተን ዞርን። ቶላማ ጌታው ደግ ናቸው፣ ደረጃው እንዳይከብደኝ ብለው ነው እያለ መረቀዎ። ከጓሮው የቆርቆሮ በር ፊት ቆመን ብናንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቶላ ወንበሩን ካወረድኩት መልሼ ሳነሳው ያማታል ብሎ እንደተሸከመ ቆመ። ግድግዳዎ ግን ስስ ነው፤ ሙዚቃው ይሰማል፣ ወፍ ትጮኻለች፣ ልጆች ይስቃሉ። ራህማ ጆሮዋን አስጠግታ ዝም እንድንል በጣቷ አዘዘችን፤ ፊልሙንም ከመነሻው እስከ መድረሻው በጆሮዋ አየችው። ጭብጨባ ሲሰማ «አለቀ?» አለችን።

ሌሎች ሲኒማ ቤቶች ለማየት ያስከፍላሉ፤ እርስዎ በነፃ ስላሰሟት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዕቃ ያሏት ግን ስም አላት። ራህማ ጠይብ ትባላለች።

አራተኛ። እሁድ ጠዋት «ዛሬ» የሚለው ተልጦ «በቅርቡ» ከነግርማው ተመልሷል። የላጠው እጅ ይባረክ።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ልጅቱ ባቲ ሳትሄድ አንድ ቀን ያሳዩልን። ወንበር ይጎድላል ብለው አይጨነቁ፣ የእሷን ቶላ ይዞ ይመጣል። የሚገባው ግን በፊት ለፊቱ በር ነው።

ላደረጉልንም ላላደረጉልንም አመስጋኝዎ፣ በጓሮ በርዎ የመቆም ክብር የደረሳት፣ ከፊርማዋ በቀር የጥሪ ካርድ የሌላት፣

ሸዋርካብሽ፣ የበርበሬ ተራ ቅመም ነጋዴ

ግልባጭ፦ ከማስታወቂያዎ ጎን ስለሚለጠፍ፣ በዚያ ለሚያልፍ ሁሉ።

ከፊርማዬ በኋላ፦ ደብዳቤውን ይዤ ልለጥፈው ስወጣ ዘበኛዎ ቦጋለ ብርቱካን ይዞ ግቢያችን መጣ። ዘኪያ ግባ ብትለው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ፊልሙ ሰኞ ዕለት በሳጥኑ ታሽጎ ወደ መጣበት እንደተመለሰ፣ ማስታወቂያውን ግን እርስዎ «ሰው ይሰብስብልን፣ ይቆይ» እንዳሉት ነገረን። ስለዚህ ከላይ የጻፍኩትን ልመና በታላቅ አክብሮት መልሼ ወስጃለሁ፤ እንዳይቸገሩ። ቶላ ይህን ሲሰማ የመረቀዎን ምርቃት እኔም መልሼ ወስጃለሁ ብለሽ ጻፊልኝ ስላለኝ ይኸው ጽፌለታለሁ። ራህማ ብቻ አልተቆጣችም። ቦጋለን ጠጋ እንዲል ጠርታ ልጅቷ በመጨረሻ በረረች ወይስ አልበረረችም ብላ ጠየቀችው። ቦጋለ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፦

«እኔም አላየሁት፣ የኔ ልጅ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ በሩን ይዤ ነበር» አላት።