ቀጭኑ ካቻቢቴ

ቀበና፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

በበረዶ አገር ለምትንቀጠቀጠው የልጅ ልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? አፍንጫህ አለ ወይስ ብርዱ ቆርጦ ወሰደው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አያትህ አንድ ቀን ጉልበቴን፣ አንድ ቀን ወገቤን ትላለች፤ እኔን ለመቆጣት ግን አቅም አንሷት አያውቅም። እኔም ከጥርሴ በቀር ሙሉ ነኝ። ደብዳቤህ ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ እንደገና ታሽጎ በደህና ደርሶኛል። ያነበበው ሰው እጁ ንጹሕ ነው፤ አላቆሸሸብንም። ይህንንም እሱ የሚያነበው ከሆነ፣ የሽማግሌ ወግ ነውና ታግሶ ይጨርሰው።

በሬዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ መኪኖች ከሚያሽቀዳድሙ ተማሪዎች ጋር ማኅበር ገባሁ ብለሃል። እኛ የጽዋ ማኅበር ገባ ስንል አንተ የመጫወቻ ማኅበር ገባህ! ይሁን። ብሎን የሚፈታ የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ሁለት ዓይነት አይቻለሁ፣ አንዱ እንደ ሽጉጥ ወፍራም፣ አንዱ እንደ እርሳስ ቀጭን ነው፤ አንድ ለራሴ አንድ ለእርስዎ ልግዛ፣ የትኛው ይሻላል ብለህ ጠይቀኸኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ስጠጣ የኖርኩ ሰው መጠየቅህ ደግ ነው።

ከደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ግን ከካቻቢቴ የሚከብድ ነገር አስቀመጥክ። አባቴ ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አለፈው፤ ከእንግዲህ አይመጣም፤ ተዝካሩን አውጡለት፣ አያቴም ጥቁሯን ታውልቅ አልክ። ልጅ አባቱን ለመቅበር እሺ ሲል ምን ያህል እንዳለቀሰ አውቃለሁ። እኔም ቀን ልቆርጥ ነበር። መልሱን ሳልሰጥህ አላበቃም፤ ግን ቅደም ተከተል አለውና ታገሠኝ።

ያቺን ቀይ የመጫወቻ መኪና አትረሳትም። አባትህ ጃፓን ሠልጥኖ ሲመለስ ያመጣልህን። ብሎኖቿን በግራ እጁ ሲፈታ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ያወጣ ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤት መምህሩ ግራኝነቱን ሊያስተወው ስንት አለንጋ ፈጀ፣ አልሆነለትም። መኪናዋን እናቱ እግር ሥር ሲያደርሳት የፊት ጎማዎቿን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያደረገ፣ «እማዬ፣ እጅ እየነሳችሽ ነው» ይላት ነበር። የመቆጣጠሪያዋ ሳጥን፣ ያቺ ባለ አንቴናዋ፣ ሽቦዋ ተበጥሶ መሥሪያ ቤት በይጃት እመለሳለሁ ብሎ በቦርሳው ይዟት የወጣ ዕለት ነው በዚያው የቀረው። ሰውየውና ሳጥኗ አብረው ሄዱ። መኪናዋ አልጋ ሥር ቀረች።

ታዲያ በቀደም ለእጅ ባትሪዬ ብለህ የላክኸውን ድንጋይ ይዤ ሰይጣን ሹክ አለኝ። መኪናዋን አስነስቼ አያትህን ላስደነግጣት አሰብኩ። ድንጋዩን ጨምሬ ማብሪያዋን ወደ ፊት ገፋሁ። ዝም። ሳጥኗ የለ፣ ማን ይዘዛት? በራሴ ሞኝነት ስቄ፣ ማብሪያዋን ሳላጠፋ ወደ አልጋው ሥር መለስኳት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አያትህ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ጫማዬን እጠጋግናለሁ። ከአልጋው ሥር እንደ ንብ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ተነሣ። አይጥ መስሎኝ ጫማዬን አነሣሁ። መኪናዋ ብቅ አለች። አቧራዋን ተሸክማ፣ ቀስ ብላ፣ መንገዱን እንደምታውቅ ሁሉ የወንበሩን እግር ዞራ አያትህ እግር ሥር ቆመች። ከዚያ ጎማዎቿ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ።

የጎረቤት ውሾች ያን ሰዓት እንዴት እንደሚጮኹ ታውቃለህ። አንድም አልጮኸም። ምስሩ ከሰፌዱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። አያትህ «መጣ» አለች። ማን ብላት ጎማዎቹን በጣቷ አሳየችኝ። እኔም አፌ አያርፍምና የሞተ ሰው የባትሪ ድንጋይ አይጨርስም ብዬ ቀለድኩ፤ ቀልዱ እዚያው አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

የፖሊስ ሬዲዮ ይሆናል፣ አውሮፕላን ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ግን መኪናዋ ትነሣለች። አንድ ቀን አያትህን ትታ የጓሮውን በር በአፍንጫዋ ትገፋ ጀመር፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ከፈትኩላት። ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ወንዙን ሸፍኖታል። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕር ዛፎቹ መካከል፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ ወደ ራሱ ውስጥ እየገባ፣ እያጠረ፣ ጠፋ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ አልሰማሁም። መኪናዋ ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገርህ፤ ይህች መኪና ለዘጠኝ ዓመት ድንጋይ አልነበራትም። ስንት ምሽት ተጠርታ ሳትሰማ ቀርታ ይሆን?

ይህን የሚያነብ ሁሉ ሽማግሌው ጃጅቷል ይላል። ይበል፣ እኔም እስማማለሁ።

አያትህ ታዲያ ነፍሱ ዕረፍት አጥታ ነው፣ ተዝካሩን ስላላወጣንለት ነው የምትንከራተተው ብላ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ተዝካር ሲባል ጆሮዋን የምትደፍነው ሴትዮ ካንተ ብሳ ለተዝካሩ ቸኮለች። እስከዚያው ደግሞ ብላ፣ እኔ ዘወር ስል፣ ከእንጦጦ የቀዳችውን ጠበል ያቺ ምስኪን መኪና ላይ ገለበጠችው። ሙሉውን ጣሳ! ሽቦውም፣ ሞተሩም፣ ድንጋዩም ተጠመቀ። መኪናዋ አንድ ጊዜ አጓርታ ጸጥ አለች። አያትህ «ለቀቃት» አለች። የለቀቃትስ ነፍሷ ነው አልኳት።

በዚያ ምሽት መኪናዋ አልተነሣችም። ቤቱ እንዲህ ጭር ብሎ አያውቅም። ቆይቶ ከማዶ አንድ ሰው ሳለ። ደረቅ ሳል ነው፣ አንዴ ብቻ። እኔ መንገደኛ ነው ብዬ ተውኩት። አያትህ ግን የያዘችውን አስቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ወደ በሩ ዘንበል አድርጋ ቆየች። ፊቷን አየሁት፤ ስለ ፊቷ አልጽፍልህም። ከዚያ ወዲህ ተዝካር የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። በነጋታው መኪናዋን ዛሬውኑ ታድናታለህ ብላ አንገቴን ያዘችኝ።

ብሎኖቹ ዝገዋል። ለእሷ የሚሆን ትንሽ ካቻቢቴ ስለሌለኝ በሽንኩርት ቢላዋ ሞከርኩና የአንዱን ራስ ላጥኩት። ሌላም ከላጥኩ መኪናዋ ለዘላለም አትከፈትም። እንጨት የሚያመላልስ አንድ ባለ አህያ ወዳጅ አለኝ። ችግሬን ባጫውተው፣ ከጠበልተኞች መካከል ሬዲዮ የሚያድን ሰው አለ፤ የእኔንም አድኖልኛል፤ ቀን ብቻ አይወጣም አለኝ። መኪናዋን በጆንያ ጠቅልዬ፣ አህያዋ ላይ ተጭኜ ሽቅብ ወጣን። የቱ ጠበል እንደሆነ ስሙን ረሳሁት፤ እርጅና ነው፣ በዙሪያችን ደግሞ ጠበል ሞልቷል።

የሬዲዮ ሐኪሙ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በተሠራች ጎጆ ውስጥ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ተቀምጧል። ስሙን አልጠየቅሁም፤ እሱም ስሜን አልጠየቀኝም። መኪናዋን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ጎማዎቿን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። እኔ እንኳ፣ ቀብር ላይ ይቀልዳል የምባለው ሰውዬ፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ከዚያ ሳለ።

ቀኝ እጁ ከአንጓው አይዞርም። ከዛፍ ወድቆ ነው ይላሉ። ከዛፍ የወደቀ ሰው አንጓው ዙሪያ የገመድ ጠባሳ ከየት እንደሚያመጣ አልጠየቅሁም። በሌላኛው እጁ ሞከረ፤ እሱም ቶሎ ይደክመዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ብሎን መፍታት ደግሞ ሙሉው ሥራ አንጓ ነው።

ስለዚህ አሁን አድምጠኝ። ወፍራሙን ተወው። ለበርና ለቁም ሣጥን ነው የተሠራው፤ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ብሎን ጉልበተኛ አይወድም፣ ክሩን ይበላዋል። ለሁለታችንም ቀጭኑን ግዛ። ልኩ ሲደርስ ራሱ የሚለቅ ቀለበት ያለው መሆኑን እይ፤ ያ ቀለበት ከሌለው በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ወደ ኋላም የሚዞር ይሁን። አፉ ለትንሹ ባለ መስቀል ብሎን የሚገጥም፣ ሳይላላ ሞልቶ የሚቀመጥ ይሁን። አንተም ስትሠራ ብሎኑን ስትመልስ ዝም ብለህ አትጫን፤ መጀመሪያ በእጅህ ወደ ኋላ አዙረው። ጠቅ ሲል አሮጌ መንገዱን አገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊት።

የእኔው ደግሞ ሶኬት የማይፈልግ፣ በድንጋይ ብቻ የሚሠራ ይሁን፤ መብራት የሌለበት ቦታም እሠራ ይሆናል። ድምፁ የማይሰማ ይሁን። ሱቁ ውስጥ ጆሮህን አስጠግተህ አስጩኸው፤ ከወዲያኛው ክፍል የሚሰማ ከሆነ ሌላ ምረጥ።

የተዝካሩ ነገር ይቅር። አያትህ ጥቁሯን አውልቃለች፤ ምነው ሲሏት ነጠላዬን ፀሐይ ላስመታ ነው ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠበል ትሄዳለች። ድሮ ባዶ ጀሪካን ይዛ ነበር የምትሄደው፤ አሁን አገልግል ነው የምትይዘው። ባዶውን ይዛ ስትመለስ ደግሞ ከታች እየዘፈነች ትመጣለች፤ ድምፅሽ የወዳጄን አህያ አስበረገጋት ብዬ እጮኽባታለሁ። አንተም ለተዝካር ያሰብከውን ለራስህ ካፖርት አውለው።

የምትወደውን ሰው በዓይንህ ሳታይ አምላክ ዓይኔን አይክደነው። የአገሩ በረዶ ምንጣፍ፣ የአገሩ ሰው ወንድም ይሁንህ። ትምህርትህን ጨርስ እንጂ ለመምጣት አትቸኩል፤ ቀን የሚወጣበት ቀን ሲመጣ እኔው እጽፍልሃለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ቀጭኑን ስትገዛ መጫኛ ቁልፉ ለግራ እጅ አውራ ጣት የሚመች መሆኑን ራስህ ይዘህ ሞክረው። እኔ በቀኜ እንደምበላ፣ በቀኜ እንደምጽፍ፣ አንተንም በቀኜ እንደምኮረኩምህ ታውቃለህ።

ናፋቂህ፣
አያትህ