ከሙዚየሙ ደጃፍ ስለቀረው የእናቴ ጫማ

ለክቡር የሙዚየሙ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በመስታወት ውስጥ ለሚኖሩት ስብርባሪ ማሰሮዎችም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ አምለሰት የተባልኩ፣ ሮማ ኤስኲሊኖ የምኖር አረጋውያን ተንከባካቢ፣ የዕረፍት ቀኔ በሆነው ሐሙስ፣ ሊጠይቁኝ ሳይሆን ሊመርቁኝ ከአዲስ አበባ የመጡትን እናቴን ወይዘሮ ወርቅውሃን ይዤ ወደ ጥንታዊት የወደብ ከተማችሁ በመምጣቴ የተሰማኝን ምስጋና እንዲህ በአደባባይ አቀርባለሁ።

1ኛ. ሙዚየምዎ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነና በሩ ላይ መስቀል ስላለ፣ እናቴ እንደ ወጋችን መቃኑን ስመው፣ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ሙዚየም ነው ብላቸው፣ መስቀሉን ታዲያ ማን አነሣው አሉኝ። ስንወጣ የጠበቀን የቀኝ እግሩ ብቻ ነበር።

2ኛ. የጥበቃ ሠራተኛዎ፣ ባለቤት የሌለው ዕቃ ሁሉ ግምጃ ቤት እንደሚገባ በትሕትና አስረዱን። ግራውን አስገብተው ለቀኙ ሲመለሱ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቆልፈው ሄደዋል። በሩ ያለ እርስዎ ፊርማ አይከፈትም፤ እርስዎ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ፌሪዬ በምትሉት የዓመት ዕረፍት ላይ ነዎት። እናቴ የሚበሩት ቅዳሜ ነው። መልካም ዕረፍት ይሁንልዎ።

3ኛ. ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የአንድ ጥንታዊ ሮማዊ የተበጣጠሰ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የራሱ መብራትና የራሱ ጠባቂ ተመድቦለት በክብር ተቀምጧል። እናቴ ሌላኛውስ የት ሄደ ብለው ሲጠይቁ፣ ጠፍቷል ተባሉ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብን።

እናቴ ወደ ሮማ የተመለሱት እናንተ በሰጣችኋቸው ሰማያዊ የላስቲክ የጫማ መሸፈኛ ነው። ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ እግራቸውን ያይ ነበር። ያ ጫማ አባቴ ከማረፋቸው በፊት የገዙላቸው የመጨረሻው ስለሆነ፣ እናቴ መንገዱን ሙሉ ቀኙን አቅፈው መጡ። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በጣም ተናድጃለሁ።

የሁለት ሺህ ዓመት ጫማ ጠብቃችሁ የአንድ ሰዓቱን ለማጣት የበቃችሁበትን ጥበብ ከልብ እያደነቅሁ፣ ፊርማዎን በታላቅ አክብሮት የምጠባበቅ፣

አምለሰት፣ ከኤስኲሊኖ

ማስታወሻ፦ የቀኝ እግሩን ጫማ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። እናቴ ናቸው ላኪው ያሉኝ፤ ባልና ሚስት ከተለያዩ ይበቃል፣ ጫማዎቹ እንኳ አብረው ይሁኑ ብለዋል። መስታወትም መብራትም አንጠይቅም። ነገር ግን በየዕቃው ሥር ወረቀት መለጠፍ ስለምትወዱ፣ ቤታችሁን አክብረው ያወለቁት ወይዘሮ ወርቅውሃ መሆናቸውን ይጻፉልን።