የሬይ ስም

ሰኞ፣ ፌብ. 3፣ ከት/ቤት መልስ

ደብተሬ፣ ደክሞኛል። ዛሬም ቢሮ ተጠራሁ። እማ ለጥርስ ቀጠሮ ልትወስደኝ መጥታ አንሰጥሽም ብለዋታል። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ የእኔ ሌላ። እንዴት ልጅሽ ትሆናለች? አረጋውያን ከምትጦርበት ነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት ሠርታ ነው የመጣችው፤ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም።

እዚህ አገር መጨረሻ ላይ ያለው ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል። እሷ በአያቷ ተጻፈች፣ እኔ በአያቴ። ሚስ ወልዴ ነኝ። አባቴ ታደሰ መሀል ቀረና «ቲ» ሆነ። አንድ ፊደልና ነጥብ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ።

መኪና ውስጥ እማ በቃኝ አለች። ሬይ በሕግ ልጁ ያድርግሽ፣ በሱ ስም ሁላችንም ማክግሬገር እንሁን። ወረቀቱ ቤት አለ። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። እሺ አልኩ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው።

ረቡዕ፣ ፌብ. 5

ሬይ የእማ ባል ነው። ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። ጥሩ ሰው። ምን ብዬ እንደምጠራው ግን አላውቅም። እማ ዳድ በይው ትላለች። አፌ እምቢ ይላል። «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያልኩት ዓመት ሞላን።

የእንግሊዝኛ ቲቸሯ የስማችሁን ታሪክ ጻፉ ብላለች። አንድ ገጽ። የአሜሪካ ቪዛ ፕሮሰስ ስንጠብቅ ሁለት ዓመት ትምህርት አምልጦኛል፤ በ16 ዓመቴ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። አንድ ገጽ ብዙ ነው። ስሜን መቀየሬ ካልቀረ ማክግሬገርን ልጻፍ። ሬይን በቴክስት ጠየቅኩት። እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት። እየሳቀ መጣ።

ስሙ የስኮትላንድ ነው። ማክ ማለት ልጅ፤ የግሬገር ልጅ። ፈልጌ አየሁ፤ ግሬገር ለካ የእኛ ጎርጎርዮስ ነው! የሰፈራችን ሰው መሰለኝ። ድሮ ንጉሣቸው ስሙን ከልክሎ ሰዎቹ በተውሶ ስም ተደብቀው ኖረዋል። ኋላ አንዳንዶቹ በመርከብ እዚህ ቨርጂኒያ መጡ። አንተ ጋ እንዴት ደረሰ? ማለት ፈራሁ። ሬይ ግን ፊቴን አይቶ ቅዳሜ ላይብረሪ እንሂድ አለ።

ቅዳሜ፣ ፌብ. 8

ላይብረሪ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ። የድሮ ወረቀት ያለበት ክፍል። እስክሪብቶ ክልክል፣ እርሳስ ብቻ። ሠራተኛዋ ሬይን በስሙ ጠራችው።

ማክግሬገር የሚባል ባለመሬት ሲሞት የተጻፈ የንብረት ዝርዝር አሳየኝ። ማረሻ። ሁለት በሬ። ድስት። ይስሐቅ። ሬይ ጣቱን እዚያ ላይ አቆመ። የአያቱ አያት ነው። ይስሐቅ፣ በቃ። ከባርነት ነፃ ሲወጣ ሙሉ ስም አምጣ አሉት፤ የጌታውን ስም ሰጠ።

አፌ ቀደመኝ። የይስሐቅ አባት ማን ይባላል?

እኛ ጋ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ ይስሐቅ ማን? ሬይ መነጽሩን አወለቀ። አልተጻፈም አለ። እዚህ የሚመላለሰው ያቺን አንዲት ስም ፍለጋ ነው።

ስንመለስ ሬዲዮ አልከፈተም። ይቅርታ ልለው ፈልጌ «ኤክስኪዩዝ ሚ» አልኩ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እሑድ፣ ፌብ. 9

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ አልማዝ ቤት። የአባቴ እህት ናት። እማ የስሙን ነገር ነገረቻት።

«ማክ ምን? የበርገር ስም ይዛ ልትዞር?»

«እንግዲህ አትጀምሪኝ፣ አልሚ።»

«አልጀመርኩም። ነይ እስቲ አንቺ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ።»

ታደሰ፣ ወልዴ፣ ገብሬ… ሦስት ላይ ቆምኩ። አፈርኩ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፣ ዘመድ እንዳይጋባ፤ እኔ ደግሞ ማን ያገባኛል። አክስቴ አምስት ድረስ ሄደችና እሷም ጠፋባት። ተናደደች። አዲስ አበባ ደወለች፣ አጎቷን ከእንቅልፍ አስነሥታ ሰባቱንም አስጠራቻቸው። በደብተሬ ጀርባ ጻፍኳቸው። በእርሳስ።

እማ ስልኳን ታያለች።

ሐሙስ፣ ፌብ. 13

ከት/ቤት ስመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶ ከጎኑ። ሬይ ፈርሟል። እማም።

ልጁ ልሁን አልኩ። ደስ ይለኛል። ስሙን ግን አልወስድም።

እማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም። ሬይን ታስቀይሚዋለሽ አለች። ሬይ ምድጃው አጠገብ ቆሟል፤ አማርኛ ባይሰማም የገባው መሰለኝ። ሰባቱን ስም አሳየሁት፣ ከመጨረሻው ጀምሬ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ታደሰ ላይ ስደርስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ደብተሬን ሲመልስልኝ «ሴንክ ዩ፣ ጋሽ ሬይ» አልኩት። ጋሽ ምንድነው አለ። እማ መለሰችለት፤ ስትመልስለት ዓይኗ እንባ ሞላ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እና እኔ በየቢሮው ልጄ ናት እያልኩ ስምል ልኑር?»

«አዎ እማ። ማዪልኝ።»