አርባ አምስቴ ነው አለች

ጥቅምት 3
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። እህቴ ጋ ደወልኩ... ሆዷ አሁንም እንደተነፋ ነው። አልትራሳውንድ ያያት ሐኪም "ኦቫሪዎ፣ እንቁላል ማፍሪያው ላይ ዕጢ አለ፤ ብዙም አያሰጋም" ብሏታል። የደሟን ውጤት ያየው ደግሞ "የካንሰር ጠቋሚው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ በወር አበባ ጊዜም ከፍ ይላል።" ሁለቱ አንድ ኮሪደር ላይ ነው የሚሠሩት። ተኳርፈዋል እንዴ?

ጥቅምት 6
ከእሷና ከባሏ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ሌላ ሐኪም አገኘን፤ ሴት ናት። ምስሉንና የደሙን ውጤት ጎን ለጎን አድርጋ አየች። ተመስገን፣ ሰው ተገኘ!
"ለየብቻቸው ያታልላሉ። አብረን ነው የምናሰላቸው። ወር አበባዎ ቆሟል?"
"ኧረ አልቆመም! ገና አርባ አምስቴ እኮ ነው።"
አርባ አምስት! እኔ ታናሿ ሃምሳ ሆኜ! ሲጋቡ ለባሏ የቀነሰችውን ዕድሜ ነው የምትጠብቀው... በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች። ሐኪሟ "እንግዲያው ከሦስት ወር በኋላ እንየው" ስትል አልቻልኩም።
"ዶክተር፣ ሃምሳ አራት ናት! ወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል!"
ሐኪሟ "ከቆመማ አደጋው ሌላ ነው" ብላ እንደገና አሰላች። ፊቷ ተለወጠ። "ይሄማ አይጠበቅም። የካንሰር ቀዶ ሐኪም ጋ እልካችኋለሁ።"
ደጅ ስንወጣ እህቴ "ትዳሬን ልታፈርሺ ነው የመጣሽው? ምቀኛ!" አለችኝ። እኔ!

ጥቅምት 7
ባሏ መጣ። "ዕድሜዋን እኮ ድሮ ነው የማውቀው" አይለኝም!
"ታዲያ እዚያ ተጎልተህ ለምን ዝም አልክ?"
"እንዳይከፋት ብዬ..."
እንዳይከፋት! በይሉኝታ ሊቀብራት! ሻዩን ሳይጨርስ አስወጣሁት።

ጥቅምት 9
ስልኬን አታነሳም። ተይው!

ጥቅምት 20
ቀዶ ጥገና ገባች። ባሏ ነው የነገረኝ።

ኅዳር 2
ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነው። ግን ከኦቫሪዋ አልወጣም... ቶሎ ደረሱበት። ሐኪሟ "ሦስት ወር ብንጠብቅ ኖሮ..." ብላ ተወችው።
ክፍሏ ገባሁ። ባሏ ፀጉሯን ያበጥርላታል። ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።
"እህትሽ እኮ ናት" አላት።
"አላውቃትም! ውጪልኝ!"
ጩኸቷ ነርሶቹን አስደነገጠ። ጉልበቷ ተመልሷል ማለት ነው።
ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ታኩርፈኝ። ሌላ ሃምሳ ዓመት ታኩርፈኝ።