ሩብ ያርድ ተጨማሪ

ኔብራስካ፣ ማርች 14

ለውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? የአሪዞና ፀሐይ ተስማማሽ ወይ? ልጅሽ በስልክ እናቴ ደህና ትበላለች፣ ደህና ትተኛለች ብላኛለች፤ እኔ ግን ከአንቺ ካልሰማሁ አላምንም። እኔ ጤነኛ ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር የማማርረው ነገር የለኝም። በረዶው ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ ጠፍቶ ከሱቁ ጀርባ ጥላው ስር ብቻ ትንሽ ቀርቷል። ድመትሽ ወፍራለች። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ፊደሎቼ ትልልቅ ሆነው ብታገኚያቸው አትገረሚ። በእጄ ያለው ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ርዕስ የምጽፍበት ወፍራሙ እስክሪብቶ ብቻ ነው። ወረቀቱ የበዛውም ለዚሁ ነው። ልጅሽ ታንብብልሽ ብለሽ አትስጫት፤ ጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ ራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በጃንዋሪ ስትሄጂ ሁለት ነገር አዘሽኝ ነበር፤ ሱቁን እንድጠብቅ፣ ደንበኞቹ፣ እነዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥለው የአልጋ ልብስ የሚሰፉት ሴቶች፣ ከአንድ የሰፈር የኩዊልት ሱቅ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቄ እንድጽፍልሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ የሚፈልጉት ነገር እኔ ዘንድ ከሌለ ሕንፃውን ለሰውዬው እሸጣለሁ ነበር ያልሽው። ሰውዬው፣ የኦማሃው፣ ወሩ ሳያልቅ መልስ እፈልጋለሁ ብሏል። ባለፈው ማክሰኞ መጥቶ ጣቃዎቹ የተደረደሩበትን ግድግዳ በእርምጃው ለካና መስታወት የሚሰቅልበትን ቦታ አሳየኝ። ሱቁን የስፖርት ጂም ሊያደርገው ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ዘገባ ቁጠሪው። አርባ ዓመት የሰው ቃል ስለቅም ኖሬ ለአንቺ ስዘግብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የብስኩት ጣሳውን ክዳን ቀድጄ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከጎኑ ወረቀትና እርሳስ አኖርኩ። በስድስት ሳምንት አርባ ሦስት ወረቀት ገባ። ብዙዎቹ መሀሉ ላይ ሳይቀጠል ትልቅ አልጋ የሚሸፍን ሰፊ የገበር ጨርቅ ይፈልጋሉ። ዘጠኙ ቅዳሜ ከሰዓትም ክፈቱ ይላሉ። ስድስቱ የገና ዛፍ የታተመበት ጨርቅ በዝቷል ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። አራቱ ባሎቻቸው የሚቀመጡበት ወንበር ጠይቀዋል፤ አንዷ ወንበሩ ከበሩ ውጭ ቢሆን ይመረጣል ብላ ጨምራለች። አንዷ ደግሞ በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ትልቅ መደብር የትኛው ክር እንደሚሻላት ብትጠይቅ ወደ ዓሣ ማጥመጃ ክፍል እንደላኳት ጽፋ፣ እናንተ እዚያው ሁኑልኝ ብላለች።

"ወንድምየው ጨርቅ ማጠፍ ይማር" የሚልም አለ። ስም የለበትም፣ ጽሕፈቱ ግን የላቮን ነው። ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት ስሟን ብትደብቅም ጽሕፈቷን የማያውቅ በከተማው የለም። ይህችው ላቮን የሱቁ ስም የሌለበት ከረጢት ትፈልጋለች። አንድ ቀን ሥጋ ቤቱ የሚጠቀልልበትን ወረቀት ይዛ መጥታ፣ "በዚህ ጠቅልልልኝ እባክህ። ሰውዬዬ ሦስተኛውን ቁም ሣጥን ከሞላሽ ቤቱን ለጨርቅሽ ለቅቄ እወጣለሁ ብሏል" አለችኝ። ጠቀለልኩላት። በማግስቱ ጥቅሉን ፍሪዘር ውስጥ አገኘችው፤ ባሏ ነው የከተተው።

አርባ ሦስተኛው ወረቀት ባዶ ነበር። ማን እንደከተተው አይቻለሁ፤ አርዲስ ኮቫሪክ ናት፣ ከሁሉም ታላቋ። አራት ቦታ አጥፋ፣ በቀዳዳው አስገብታ፣ ጣሳውን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ወጣች።

ሰው የሚጽፈውና የሚያደርገው እንደሚለያይ ሙያዬ አስተምሮኛል። ስለዚህ ጣሳውን ትቼ ሲገዙ አስተውል ጀመር። አርዲስ ንድፉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሁለት ያርድ ይላል። እሷ ሁለት ከሩብ ቁረጥልኝ አለች። ወረቀቱ እኮ ሁለት ነው የሚለው፣ አልኳት። "ልማድ ነው" ብላ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር። ከሰዓት ላቮን መጣች፤ ንድፉ አንድ ተኩል ይላል፣ እሷ ሩብ ጨመረች። በዚያ ሳምንት ብቻ ሰባት ሴቶች ቆጠርኩ። ሁሉም የቆዩ ደንበኞችሽ ናቸው፤ ሁሉም ሩብ ያርድ ይጨምራሉ፤ ሁሉም ልማድ ነው ይላሉ። አዲሶቹ የሚገዙት ልክ ንድፉ የሚለውን ያህል ነው።

ነገሩን የፈታችልኝ ኬንድራ ናት፤ ከአረጋውያን መጦሪያው የምትሠራው ነርስ። በኖቬምበር፣ ያኔ ገና ላልተወለደው የእህቷ ልጅ፣ ዳክዬ የታተመበት ቢጫ ጨርቅ ከአንቺ ገዝታ ነበር። የፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ክር ልትገዛ መጥታ ሕፃኑ መወለዱን፣ ኩዊልቱም መድረሱን ነገረችኝ። ከዚያ እኔም የማውቅ መስሏት፣ "አርዲስ ባትኖር ግን አልቆልኝ ነበር" አለች። ጨርቁ በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ጠቦ ነው የተቆረጠው። ስታስተካክለው አነሰና የመጨረሻው ረድፍ ቀረ። ፋብሪካው ያንን ዳክዬ ማተም አቁሟል። ይህን ለኩዊልት ማኅበሩ ሴቶች ብትነግራቸው አርዲስ በማግስቱ ያንኑ ጨርቅ ከራሷ መደርደሪያ ይዛላት መጣች፤ የራሷ ሩብ ያርድ ተርፎ ነበራ። ሰጥታት ስትወጣ በሩ ላይ፣ "ለሱቁ እንዳትነግሪ። ከእንግዲህ ሁልጊዜ ሩብ ጨምረሽ ግዢ" አለቻት።

ይህን ስታነቢ ፊትሽ እንደሚቀላ አውቃለሁ። ሳልጽፍልሽ ልተወው አስቤም ነበር። ግን ጠይቀሽኛል፤ ደግሞም ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጣል።

ሐሙስ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ወደ ሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወረድኩ። የኩዊልት ማኅበሩ ሴቶች እንደ ወትሮው ኩዊልት የሚወጠርበትን ትልቁን የእንጨት ፍሬም ከበው እየሰፉ ነበር። ስለ ሩቡ ያርድ ጠየቅኋቸው። መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ። ላቮን ከመነጽሯ በላይ አየችኝና፣ "ምነው፣ ጋዜጣ ላይ ልታወጣን ነው?" አለች። ጡረታ ወጥቻለሁ አልኳት። "እንግዲያው ጡረተኛ እንደ ጡረተኛ ይቀመጥ" ብላ ወንበር በእግሯ ገፋችልኝ።

የተናገረችው አርዲስ ናት። ከሱቁ የሚገዙት ጨርቅ ተጣሞ መቆረጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል አለች። መጀመሪያ የተጣመመው ጠረጴዛዋ መስሏት የልጅ ልጇን ጠርታ አስለክታዋለች። ቀጥሎ ማስመሪያዋን ጠርጥራ አዲስ ገዛች። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ቤታቸው ጠርዙን ቀጥ አድርገው እየከረከሙ፣ እኔን ብቻ ነው የገጠመኝ ብለው ዝም ብለዋል። አንድ ሐሙስ ላቮን ሳታስበው፣ "እኔስ ሩብ መጨመር ከጀመርኩ ተገላገልኩ" ስትል አንዷ፣ አንቺም? አለች። ሌላዋም፣ አንቺም? አለች። "እስክናነባ ሳቅን" አለችኝ አርዲስ፤ "በኋላ ደግሞ መሳቁን ተውን።"

ለምን እንዳልነገሩሽ ጠየቅኋቸው። ላቮን ክሯን በጥርሷ በጠሰችና፣ "ብንነግራት ትዘጋዋለቻ" አለች።

ስለ ባዶው ወረቀት ደግሞ አርዲስን ጠየቅኋት። "አንተ ሰውዬ፣ ጨርቅማ ሞልቶኛል" አለች አርዲስ። "ሦስቴ ሞቼ ሦስቴ ብገነዝ አያልቅም። እኔ የምሄደው እህትህ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ፣ ይሄ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ይሄ ቀለሙን ይለቅቃል፣ መልሺው እንድትለኝ ነው። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ዘንድሮም ዓይኗ ደከመ እንጂ ጣቷ አልተሳሳተም።" ቀጥላ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች፤ "መቁረጥማ ማንም ይቆርጣል። ይሄ እንኳን ይቆርጣል።"

ፍሬሙ ላይ የተወጠረውን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ኩዊልቱ ከቀጫጭን ቅዳጆች የተሠራ ነው። አንዱም ቅዳጅ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በአንድ ጫፍ የጣት ስፋት ያለው በሌላው ጫፍ ክር ያህል ሆኖ ያልቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠርዙ የከረከሙትን አንዷም አልጣለችውም። በየከረጢቱ አጠራቅመው አንድ ላይ አፈሰሱት። ጥቁሩን ከነጩ፣ ቀዩን ከክሬሙ አጠገብ አድርገዋል። ስፌቱንም ጎላ ጎላ አድርገውታል፤ እጅሽን ብታሳርፊበት እያንዳንዱን መስመር ከዳር እስከ ዳር ትከተይዋለሽ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ደንበኞችሽ የሚፈልጉት ይኸው ነው፤ ሰፊ ገበር፣ የቅዳሜ ከሰዓት፣ ወንበር፣ እና አንቺን። ወንበሩን ገዝቼ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ጨርቅ ሲዘረጋ እጅሽ በሚደርስበት ቦታ አድርጌዋለሁ። እስካሁን ባል አልተቀመጠበትም፤ ድመቷ ናት። ኬንድራ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች እቆርጣለሁ ብላለች። በሌላው ቀን እኔ አለሁ። ጉልበቴ ይህን ያህል አይጠላውም፤ የጋዜጣ ዓምድ ሳሰምር የኖርኩ ነኝና መስመሬ ቀጥ ይላል። ማጠፉን እየተማርኩ ነው።

የሰውዬው ውል እዚህ ውስጥ አለ። የምትፈርሚበትን ቦታ በዚሁ እስክሪብቶ አድምቄ አስምሬልሻለሁ። መፈረሙም መቅደዱም የአንቺ ነው፤ እኔ ስልክ አልደውልም፣ አልጨቀጭቅሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩዊልት ሲያልቅ ከጀርባው የሠሪው ስም ያለበት ቁራጭ ጨርቅ እንደሚሰፋ ለአንቺ አልነግርሽም። እዚያ ላይ ተጣልተው ነበር። ላቮን የአሥራ አንዳችንንም ስም በፊደል ተራ እንጻፍ አለች። አርዲስ እምቢ አለች። "መጀመሪያ የሚጻፈው የቆራጯ ስም ነው" አለች። "የቆረጠችው እሷ ናት፤ እኛ የሰፋን ብቻ ነን።" የላይኛውን መስመር ባዶ ትተውልሻል፤ በክር የምትጽፊው ራስሽ ነሽ፣ እዚሁ መጥተሽ።

ልጅሽን ሳሚልኝ። የሰማዩ አባት መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ሁለቱን ጣቶችሽንም ይጠብቅልን።

ታናሽ ወንድምሽ